ለ9 ዓመት ልጅ ኡኩሌሌ ልገዛ ብዬ 31 መልስ መጣብኝ

ጥያቄውን የሙዚቃ መድረካችን ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 14 በመቶ ላይ ናት። ሌሊቱ ሳይነጋ 11 መልስ ደረሰ። እሑድ ማታ 31 ደረሰ። አሁን ደግሞ መጨረሻው ምን ሆነ እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ በዝቷል። ከላይ እስከ ታች ማንበብ ዳታ ይበላል። ስለዚህ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አፍ ላውራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱማ ባይገለበጥ ይሻላል።

እኔ የጻፍኩት ባጭሩ ይህን ነበር። ደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ትንሽ ጊታር የምትመስል ባለ 4 ክር መሣሪያ አየች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልተገረፈ ዕቃ የለም። ሰፌድም ታቅፋለች፣ ማማሰያም ታቅፋለች። ፒያሳ ሄጄ ጠየቅኩ። ያገኘሁት መጫወቻ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ሮዝ ፕላስቲክ ነው። ክሩን ነካ ሳደርገው የላስቲክ ድምፅ አወጣ። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ዕቃው ለሙዚቃ ሳይሆን ለማባበያ እንደሆነ ራሱ ነገረኝ። እናም ሦስት ነገር ጠየቅኩ። የትኛው መጠን ይሆናታል? ከየት ይገዛል? ሲገዛ ምኑ ይታያል? ስሙን ዩካሊሊ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይህችን ስህተት ያዙልኝ፣ ትመለሳለች።

ቁጥር 1 አብሽር ብሎኝ፣ ልጄን መርቆልኝ ሄደ። ሌላ ምንም የለውም። የኛ መድረክ ላይ ወሬ እንዲህ ካልተከፈተ አይሞቅም።

ቁጥር 2 የደሴ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ሕፃናትን ሙዚቃ ታስተምራለች። በትዕግሥት ነው የጻፈችው። መጠኑ አራት ዓይነት ነው። ትንሿ ሶፕራኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ኮንሰርት 58፣ ቴነር 66፣ ባሪቶን 76 ገደማ ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቅኝታቸው አንድ ነው፤ ክሮቹ በእንግሊዝኛ የድምፅ ስም ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይባላሉ። ባሪቶን ግን ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል፣ ልክ እንደ ጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች። ስለዚህ ትልቅ ይሻላል ብዬ ባሪቶን ብገዛ ኢንተርኔት ላይ ያለው የጀማሪ ትምህርት ሁሉ አይገጥምልኝም። ለ9 ዓመት ልጅ ሶፕራኖ እንድወስድ መከረችኝ። ክሩ ናይለን ስለሆነ ጣት አይቆርጥም። የሲ ኮርድ (ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ማለት ነው) ደግሞ በአንድ ጣት ብቻ ይያዛል፤ የታችኛዋን ክር ሦስተኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ካሉት አግድም ብረቶች ሦስተኛው ላይ ተጭኖ ሌላውን መተው ነው። ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ከተሳካላት በሁለተኛው ቀን ትመለሳለች የምትለው ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ።

ቁጥር 3 እሷን አክብሮ ተቃወማት። የኮንሰርት ሰው ነው። የ9 ዓመት ልጅ ነገ 12 ይሞላታል፣ የሶፕራኖ ፍሬቶች ደግሞ በጣም የተጠጋጉ ናቸው ባይ ነው። በቁመት ልዩነቱ 5 ሴንቲ ብቻ ነው፣ ለጣት ግን ብዙ ነው። ቁጥር 2 ተመልሳ በከፊል ተስማማች፣ የልጅቷን እጅ ሳያዩ መፍረድ እንደማይቻልም ጨመረች። ልጄ ተኝታ ነበር። ማስመሪያ ይዤ ገባሁና እጇን ለካሁ። ከእንቅልፏ ነቅታ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ቁጥር 4 የፊደሉ ሰውዬ ነው። ይህን መድረክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለ መሣሪያው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዩካሊሊ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም፣ ባለቤቶቹ ሃዋዮች ኡኩሌሌ ነው የሚሉት፣ ዩ የሚለውን የጨመሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው አለ። እኛ ኡ የሚል ፊደል እያለን ለምን ከሌላ ሰው አፍ እንደምንበደር ጠየቀ። ልክ ነው። አነጋገሩ ግን እንደ ፈተና አራሚ ነው። ቁጥር 5 ነገሩን አቀዘቀዘው። ኡኩ በሃዋይኛ ቁንጫ፣ ሌሌ መዝለል እንደሆነ ነገረንና፣ ቁንጫ ለማየት ከደሴ ሃዋይ ድረስ መሄድ እንደማያስፈልግ አስታወሰን። ሳቅን።

6 ላይ ነገሩ ከረረ።

ጸሐፊው ክራር ተጫዋች ነው። አምባሰል ከደሴ በላይ ነው፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ታች። ከአራቱ የአገራችን ዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ አገር ስም ነው የሚጠሩት። እዚህ መሃል ቁጭ ብሎ ለልጁ የባሕር ማዶ ዕቃ የሚያሳድድ አባት ምን እንደሚባል መድረኩን ጠየቀ። ክራር እዚሁ ይሠራል፣ ቢሰበር እዚሁ ይጠገናል፣ ልጅቷም የአያቶቿን ዜማ ትማርበታለች። ነገሩ ሐሰት የለበትም። ቢሆንም ተናደድኩ። መልስ ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁ። የመጨረሻው ረቂቅ ላይ ሰውዬውን አንተ እያልኩ ነበር። እንኳንም አልላክሁት፤ ለምን እንደሆነ 12 ላይ ታያላችሁ።

ከኔ ይልቅ ቁጥር 7 ቀደመ። የታሪክ ሰው ይመስላል። መሣሪያው ለሃዋይም እንግዳ እንደነበር አስረዳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የተቀጠሩ ሰዎችን ጭና ሆኖሉሉ ገባች። ከተሳፋሪዎቹ ሦስቱ እንጨት ሠሪዎች ነበሩ፤ ማኑኤል ኑኔዝ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ። ማሸቴ የምትባለውን የአገራቸውን ትንሽ መሣሪያ መነሻ አድርገው መሥራት ጀመሩ። ንጉሥ ካላካዋ ወደዳት፣ ለቤተ መንግሥት ግብዣም አበቃት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሃዋይ ልጅ ሆና ቀረች።

ቁጥር 8 የክራሩ ሰው ነው። ቁጥር 7 ከስልኩ እያነበበ እንደሚያስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ ክራር ቃኝቶ እንደማያውቅ በጥርጣሬ ሳይሆን በእርግጠኝነት ጻፈ። ቁጥር 9 በመሃል ገባ። የ40ዎቹን አርመን ልጆች ነገር አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው መጡ፣ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ትዝታ በሳክስፎን ተነፋ? ሳክስፎን ሲሆን ዝም ብለን 4 ክር ያላት ትንሽ እንጨት ስትሆን አገር ጠፋ ማለት አይገባም ነው ነገሩ። ቁጥር 10 በዚህ ሁሉ መሃል የሚሸጥ አኮርዲዮን እንዳለው አስታወቀ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን አዘንኩለት።

ቁጥር 11ን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ለኔ ይህ ሁሉ ወሬ የተከፈተው ለሱ መልስ ነው።

ልጁ ኮምቦልቻ የሚማር ተማሪ ነው። ኡኩሌሌ አለው። ማንንም ሳይነካ፣ ማንንም ሳይሰድብ ቁጭ ብሎ ቆጠረልን። የኡኩሌሌ ክሮች ምንም ሳይጫኑ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከሲ ሲነሳ ደግሞ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጡት። አራቱም ክሮች ትዝታ ውስጥ አሉ። የጎደለችው ዲ ብቻ ናት፣ እሷም የሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ተቀምጣለች። ማለትም መሣሪያዋን አንስቶ በባዶ እጁ የገረፈ ሰው ሳያውቀው ትዝታ ደጃፍ ላይ ነው። አንዲት ጣት ሲጨምር ገባ።

ቀጠለ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሲ ሳይሆን ከኤ ቢጀምሩ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናሉ፣ ይሄ ደግሞ ባቲ ነው አለ። አምባሰል ግን እንዲህ በነፃ አይመጣም። ከሲ ሲነሳ ሁለተኛው ድምፅ አንድ ፍሬት ብቻ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ኤፍ ይዘላል፣ ጂ ይመጣል፣ አምስተኛው ከጂ አንድ ፍሬት ከፍ ያለው ነው። ለመጫን ጣት ይበዛል። ክራር ላይ ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሄድ ክሮቹን መልሶ መቃኘት ግድ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ኡኩሌሌ ላይ ፍሬት ስላለ ሳይቃኙ ይሻገራሉ። አንዱ ከሌላው ይበልጣል አላለም። ሥራቸው ይለያያል አለና ፈተና እንዳለበት ነግሮን ወጣ።

ይህን ሳነብ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ስልኬ ላይ የፒያኖ አፕ ነበረኝ። አራቱን ድምፅ ነካኋቸው። እውነትም።

ከዚያ 12 መጣ፣ የክራሩ ሰው። ዕድሜያቸው ከ60 ማለፉን የተናገሩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ድምፁን ሰምተዋል። ክሮቹ ትዝታ ውስጥ እንደሚወድቁ አመኑ። ግን አንድ ነገር አስቀመጡ። ፍሬት ብረት ነው፣ አይለመንም። የአምባሰልን ሁለተኛ ድምፅ የክራር ሰው በጆሮው ነው የሚያስቀምጠው። ቅኝቱን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ሐዘኑ ያለውም እዚያች ላይ ነው። መሣሪያው ፍሬት ላይ ከቸነከረው ዜማው ይቀራል፣ ጠረኑ ይሄዳል። መሣሪያውን ገዝቼ ብሰጣት እንደማይቃወሙ፣ ግን ጣቷ ከመፍታቱ በፊት ጆሮዋ እንዲሰማ አጥብቀው መከሩ። ከቁጥር 8 ጋር አንድ ሰው የጻፈው አይመስልም። ቁጥር 7 ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። ይቅርታውን ተቀበሉት ወይ? ዝም አሉ።

ቁጥር 13 ተማሪውን በአንድ መስመር አረመው። ባቲ ሁለት ዓይነት ነው፣ ልጁ የቆጠረው ማይነሩን ነው። ሜጀሩ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ይላል። ልክ ነበር፣ ልጁም አመሰገነ።

14 እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ጥፋት አለብኝ። ልጄ ግራኝ ናት፣ ያን መጻፍ ረስቼ ነበር። እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረግኩት። ቁጥር 15 በስንት ትዕግሥት 13 ሰው ከመከረህ በኋላ ነው ወይ የምትነግረን የሚል ቁጣ አወረደብኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ቁጥር 16 መፍትሔ አመጣ። የግራኝ ጊታር ማግኘት መከራ ነው፣ ኡኩሌሌ ግን ክሩን ማገላበጥ ይበቃዋል። ኤ በጂ ቦታ፣ ኢ በሲ ቦታ ይገባል። ናይለን ክሮች በውፍረት ብዙ ስለማይራራቁ ሆዱ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት፣ ከብርኩማው ጋር ብዙ ችግር የለም። የሲ ክር ብቻ ወፍራም ስለሆነች አንገቱ ጫፍ ላይ የምታርፍባት ቦይ ትንሽ ሰፋ ማለት አለባት፣ ያን ደግሞ በቀጭን ሞረድ መሥራት ይቻላል። 17 አልተስማማም። መሣሪያ ሁለቱንም እጅ ያሠራል፣ ግራኝም ቀኝም ጀማሪ ያው ጀማሪ ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ ግን የጓደኛዋን መሣሪያ አንስታ መጫወት አትችልም አለ። እነዚህ ሁለቱ ከዚህ በኋላ አራት ጊዜ ተመላለሱ። ቁጥር ሳይሰጣቸው፣ እርስ በርስ። አልተርከውም።

ቁጥር 18 ዋጋ ጻፈ። ቁጥር 19 ወዲያው ዋጋው የድሮ መሆኑን ገለጸ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከመባሉ በፊት የተገዛ ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋው ለዛሬ ገዢ ተረት ነው ባይ ነው። አነጋገሩ ከረር ያለ ቢሆንም እውነቱን ነው። ከዚያ ከየት ይገዛል ወደሚለው ዞረና የራሱን ቁስል አወጣ። ቴሌግራም ላይ ካለ አንድ ሱቅ ኮንሰርት ኡኩሌሌ አዘዘ፣ በቴሌብር ቀድሞ ከፈለ። የደረሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ፍሬቶቹ የተቀቡ መስመሮች ናቸው። የሱቁን ስም እንዲጽፍ ሦስት ሰው ወተወተው፣ አወያዩ ከለከለ። እኔም እንኳን ከለከለ እላለሁ፣ ነገሩ ወደ ሌላ ጦርነት ይሄድ ነበር። ትምህርቱ በቂ ነው፤ ዕቃውን በእጅህ ሳትይዝ አትክፈል።

ቁጥር 20 ከአዲስ አበባ ለሚያስልኩ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ታች ከሻንጣና ከማዳበሪያ ጋር ከገባ ሰባራ ነው የምንቀበለው። ሰው ታቅፎት ይምጣ፣ ክሩም ላላ ይደረግ አለ። ካላ፣ ማሃሎ፣ ፍላይት እያለ የምርት ስም ደረደረ፤ ግን ከስሙ ይልቅ አንዱን ዕቃ ከሌላው ለይቶ ማየት እንደሚበልጥ ራሱ አመነ።

እንዴት እንደሚታይ የነገረን ቁጥር 21 ነው። ኮምቦልቻ ያለ አናጢ ነው። ሙዚቃ አልችልም ብሎ ጀመረ። እንጨት ግን ይችላል።

መጀመሪያ መሃል ሆዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ጠርዙን ተመልከት አለ። የተደራረበ ንብርብር ከታየ ፊቱ ኮምፔርሳቶ ነው። የእንጨቱ መስመር ከላይ ተነስቶ በጠርዙ ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከወረደ ወጥ እንጨት ነው። ወጥ እንጨት ድምፁ ይበልጣል፣ ግን በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለልጅ ኮምፔርሳቶ ነውር የለውም፣ ይችላል። ቀጥሎ አንገቱን እንደ ጣውላ አንድ ዓይን ጨፍነህ ከጫፍ እይ፤ ከተጣመመ ተወው። ጣትህን በአንገቱ ጎን አንሸራት፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጠጠህ ሠሪው አልጨረሰውም። የልጅ ጣት ላይ ያ ቢላዋ ነው።

ከዚያ የኤቲኤም ካርዱን ነገር አመጣ። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከራቀ ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል፣ ልጅም በሦስተኛው ቀን ትተዋለች። ስለዚህ 12ኛው ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር የባንክ ካርድ አስገባ። አንድ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ካርድ ገብቶ አራተኛው ከጠበበ ደህና ነው። አምስት በነፃነት ከገባ አትግዛ። መጨረሻ ላይ የመቃኛ አፕ ክፈት፣ ክሩን ባዶውን ምታ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታ። ያው ፊደል፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ መሃል ላይ መምጣት አለበት። ክሩ ሳያረጅ ከዘለለ መሣሪያው ሲሠራ የተሳሳተ ነው፣ ምንም ብትቃኘው አይስተካከልም። ሙዚቃ አልችልም ያለው ሰው ከሁላችንም የበለጠ ረዳኝ። ይህን የተማረው የቤተ ክርስቲያን ጊታሮች ሲጠግን ነው።

22 የሐዘን ታሪክ ነው። ወንድሙ የኡኩሌሌ ክር ሲበጠስበት የጊታር ብረት ክር ቆርጦ አሰረበት። በሁለተኛው ቀን ብርኩማው ከነልጣጩ ተነሥቶ ወጣ። በሱፐር ግሉ መለሱት፣ እንደገና ወጣ። ለናይለን የተሠራ ሆድ የብረት ጉተታ አይችልም። አናጢው ሱፐር ግሉ የሚለውን ሲያይ ሦስት የሚያለቅስ ፊት ላከ።

23 ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው። የጓደኛውን ኡኩሌሌ አይቶ፣ አራተኛዋ ክር ወፍራም መሆን ሲገባት ቀጭን ናት፣ ሻጩ አጭበርብሮታል ብሎ አወጀ። ቁጥር 24 አልራራለትም። የማያውቁትን ማወጅ ስለሚባለው ነገር ረዘም ያለ ምክር ከሰጠው በኋላ፣ የኡኩሌሌ ጂ ክር ሆን ተብሎ ከሲ በላይ ከፍ ብላ እንደምትቃኝ፣ ያ የመዝለል ድምፅም ከዚያ እንደሚመጣ ተናገረ። ዝቅ ያለች ጂ የሚፈልግ ወፍራም ክር ለይቶ ይገዛል። ልጁ ጥፋቱን አመነ። እኔ ግን 24 ያን ያህል መሄድ አልነበረበትም እላለሁ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው።

ከ25 እስከ 27 ስለ ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚያወርደው ተራራ መንገድ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ። አናጢው መሣሪያ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቅኝቱ እንደሚዛባ ጽፎ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ መውረድ ነው፣ ካፖርት አውልቆ ሸሚዝ መልበስ። ከዚያ አንዷ ሐረጎ ላይ ጆሮዋ እንደሚደፈን ጻፈች። ሌላው ጉሙን አነሣ። ሌላው ደሴ ሲሞቅ ኮምቦልቻ ይቃጠላል አለ፣ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ደሴ ፀሐይ በቀጠሮ እንደምትወጣ መለሰ። አወያዩ ወደ ኡኩሌሌው መለሰን።

28 ተማሪው ነው። ፈተናው አልቆለታል። ሁለተኛ መሣሪያ፣ ቴነር፣ ዘመድ አምጥቶለታል። አሮጌዋን ኮንሰርት ለልጄ ሊሸጥልኝ እንደሚችል ጻፈ። መጥቼ እንዳያት፣ ካልወደድኩ እንድተዋት።

29 እኔ ነኝ፣ እሑድ ማታ የጻፍኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር በሚኒባስ ወረድን። ካርድ ያለኝ 2 ብቻ ነው። የሚስቴን ጠየቅኋት። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት አላመነችም፣ ግን ሰጠችኝ። አራተኛውን ከተማሪው ተዋስኩ። አናጢው ሳይጠራ መጣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ካርድ ገባ፣ አራተኛው ጠበበ። 12ኛው ፍሬት ላይ ሦስቱ ክሮች መሃል መጡ፣ አንዷ ፀጉር ታህል ከፍ አለች። አናጢው ክሯ ስላረጀች ሊሆን ይችላል ብሎ ገመተ፣ ተማሪው በቦታዋ አዲስ ክር አሰረልኝ። ዋጋውን አልጽፍም፣ እንዳልጽፍ ተስማምተናል። ሚስቴም ይህን መድረክ ታነባለች።

የግራኝነቱ ነገር ደግሞ እንዲህ አለቀ። ልጄ መሣሪያዋን ተቀብላ ስልኩ ላይ እንዳየችው በቀኝ እጇ መግረፍ ጀመረች። ማንም አልነገራትም። 16 እና 17 በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን አተረፉ? አላውቅም። የመጀመሪያውን ድምፅ ያወጣችው በባዶ ክር ነው፣ ምንም ሳትጫን። ቤት ስንመለስ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ ሰማቻትና አፏን ዘግታ ማንጎራጎር ጀመረች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቅኝቱን አውቄዋለሁ።

30 የፊደሉ ሰውዬ ነው። 29 ላይ ስሙን አንድ ቦታ ኡኩለሌ ብዬ መጻፌን አስታወቀኝ። አስተካከልኩ።

31 የክራሩ ጋሼ ናቸው። ልጅቷ የተጫወተችውን በድምፅ ቀርጬ እንድልክላቸው በውስጥ መስመር ጠይቀውኝ ነበር። 40 ሰከንድ ላክሁ። ግማሹ የስኒ ድምፅ ነው። ሁለት ሰዓት ዘገዩ። ከዚያ መድረኩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንዲት መስመር ብቻ ጻፉ፤ ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች የሚል።

አፑን ከፍቼ አየሁ። ወርዳለች። አዲስ ክር ለሳምንት ያህል ይለጠጣል። ቃኘናት።